ሁለተኛው ሰልባትዮ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደግሞ 42። ጠዋት ከአንኮበር ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ፣ ማታ የተመለሰ ሚኒባስ በቀኑ 344 ኪሎ ሜትር ነዳ ማለት ነው። የናፍጣ ሃይየስ ሰልባትዮ ወደ 70 ሊትር ይይዛል። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ይበላል፤ አቀበቱን፣ ጭነቱንና የመኪናውን እርጅና ቆጥረን 12 እንበለው። የቀኑ ፍጆታ 41 ሊትር ነው። ሞልቶ የወጣ ሹፌር ቤቱ ሲገባ ወደ 30 ሊትር ይተርፈዋል።

ታዲያ ሁለተኛ ሰልባትዮ ለምን ያሠራል?

ሒሳቡን ብቻ ያየ ሰው መልሱ «ለኮንትሮባንድ» ነው ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ከመኪና ሥር ተጨማሪ ጋን ማሰር ትናንት የተጀመረ ሌብነት አይደለም። የዚህ መንገድ ታሪክ ራሱ፣ ከባሕር እስከ ሸዋ ደጋ፣ «መንገድ ላይ አላገኝም» ብሎ ስንቁን ተሸክሞ የሚሄድ መንገደኛ ታሪክ ነው። የሚያስጨንቀው ርቀቱ አይደለም። ቀጣዩ ማደያ ጋ ሲደርስ ናፍጣ ይኖር እንደሆነ፣ ቀጣዩ ከተማ መንገዱ ክፍት ይሆን እንደሆነ አለማወቁ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ሰልባትዮ የጣልያንኛው ሰርባቶዮ ነው፤ ማጠራቀሚያ ማለት ነው። ናፍጣም ከዚያው ነው፤ ጣልያኖች ለናፍጣ ሞተር ነዳጅ ናፍታ ይላሉ። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ፣ ፊልትሮ፣ ጎሚስታ፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ ሳይቀር ከጣልያን አፍ የወጡ ናቸው። ደብረ ብርሃን ያለ ጋራዥ ገብቶ ለአምስት ደቂቃ ጆሮውን የጣለ ሰው አምስት ዓመት የቆየውን ወረራ በቃላት ሲነገር ይሰማል። መንግሥቱ ሄደ፣ የመፍቻው ቋንቋ ቀረ። ከነፃነት በኋላ እዚሁ የቀሩት ጣልያናውያን መካኒኮች ሥራውንም ቃሉንም ለሐበሻ ረዳቶቻቸው አስተላለፉ፤ ረዳቶቹ ለልጆቻቸው።

ስንቅ ተሸክሞ መሄዱ ግን ከጣልያንም ከሞተርም ይቀድማል።

በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ ወደብ አንኮበር ለመድረስ ሳምንታት ፈጅቶበታል። ያን በረሃ የሚያቋርጥ ነጋዴ ከሸቀጡ በፊት የሚያሰላው ውኃውን ነበር። ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ስንት ቀን ነው? ጉድጓዱ ደርቆ ቢገኝስ? ጉድጓዱን የያዘው ጎሳ ቢከለክልስ? የሃሪስ ጓድ አሳል ሐይቅ አካባቢ በውኃ ጥም ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ግመሉ ላይ ከጨርቁና ከጨው ጎን ለጎን የቆዳ ስልቻ ይጫናል። ስልቻው ሁለተኛ ሰልባትዮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያውም የበረሃው ነጋዴ ጭንቀት ከዛሬው ሹፌር ጋር አንድ ነው፤ ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቃል፣ ውኃ እንዳለው ግን እርግጠኛ አይደለም።

ግመሉ ደጋ አይወጣም። አንኮበር ሥር አልዩ አምባ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነው። የሃሪስ ሣጥኖች በብዙ መቶ ተሸካሚዎች ወጥተዋል። አልዩ አምባ ገበያ ሆና የኖረችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ የጉዞ ዓይነት የሚያበቃባት፣ ሌላው የሚጀምርባት ቦታ ናት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ በ1879 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም፤ ከሐረር ዘመቻ ገና አልተመለሱም ነበር። አንኮበር የመንግሥት መቀመጫነቷ ያኔውኑ እያበቃ ነበር። በኋላ ባቡሩ በድሬዳዋ በኩል፣ የመኪናው አውራ ጎዳና በደብረ ብርሃን በኩል ሲያልፍ፣ አንኮበር ከአውራው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ገባ ያለች ከተማ ሆነች። ነዳጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማት፣ ሲመጣ መጨረሻ የሚደርሳት ከዚያ ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. እንምጣ፤ የዚህ መንገድ ታሪክ እዚህ ላይ ከዓለም ታሪክ ጋር ይገናኛልና።

ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ መሣሪያን፣ ብድርንና የተወሰኑ ጥሬ ዕቃዎችን ይመለከት ነበር። ነዳጅ ግን አልተካተተበትም። በጄኔቫ ውይይቱ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲንከባለል የጣልያን መርከቦች በስዊዝ ቦይ እያለፉ ምጽዋ ላይ በርሜል ያራግፉ ነበር። ሙሶሊኒ በኋላ ለሂትለር «ማዕቀቡ ወደ ነዳጅ ቢሰፋ ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር» ማለቱ ይጠቀሳል። የመርዝ ጋዙ በሚገባ ተነግሯል፤ የአውሮፕላኑም እንዲሁ። ናፍጣውና ቤንዚኑ ግን ከታሪክ መጽሐፋችን ኅዳግ አልፎ አያውቅም። ማይጨው ላይ በባዶ እግሩ የተሰለፈው ገበሬ የተዋጋው ከወታደር ጋር ብቻ አልነበረም። ማንም ለመዝጋት ካልፈለገው ቧንቧ ጋርም ነበር።

ከማይጨው በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ደሴ ላይ ከ1,700 በላይ መኪናዎች ሰብስቦ በሚያዝያ ወር ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጣልያኖች ጉዞውን «የብረት ፈቃድ» ብለው ሰየሙት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመንገዱ ላይ አንድም ማደያ የለም። ያ ሁሉ መኪና የሚበላውን ራሱ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው፤ ከወታደር ቀጥሎ ትልቁ ጭነት በርሜል መሆኑ ግድ ነው። ሠራዊቱ በሙሉ፣ እንዲያ ስናየው፣ ሁለተኛ ሰልባትዮ የታሰረበት መኪና ነበር።

ይህን ሁሉ ብረት ለጊዜውም ቢሆን ያስቆመው ጣርማ በር ነው። ከደብረ ሲና በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ቆላውና ደጋው የሚቆራረጡበት ገደል። የእኛ ወገን መንገዱን በፈንጂ አፈረሰው። የመኪናው ሰልፍ ቆመ፤ ወታደሩ መሣሪያውን አስቀምጦ አካፋና ድንጋይ ያዘ። በእግራቸው የሚሄዱት የኤርትራ አስካሪዎች ከሞተሩ ቀድመው አዲስ አበባ አፋፍ የደረሱት በዚህ የተነሣ ነው። ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት ወጥተው ነበር።

ከዚያ ጣልያን ጣርማ በርን ወጋው። 587 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዛሬም «የሙሶሊኒ ዋሻ» የሚባለው ዋሻ ገደሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ፊያት 634 እና ላንቺያ ሮ የሚባሉት ትልልቅ የናፍጣ መኪናዎች ያን ዳገት ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ይወጡ ነበር። ዙሪያው ግን ሰላም አልነበረም። በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በአንኮበር በረሃ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች መንገዱን ያጠቁ ስለነበር፣ ጣልያን ከምሽግ ወደ ምሽግ ሳይታጀብ አይንቀሳቀስም። ስንቅህንና ነዳጅህን ሳትይዝ መውጣት ሞት ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ተገላቢጦሽ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ከተያዘች ከአንድ ሳምንት በኋላ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ ሲነሣ፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፍርሶ የጠበቀው ጣልያን ነበር። በአምስት ዓመት ልዩነት፣ በዚያው ገደል፣ በሌላ እጅ። መኪናዎቹ እንደገና ቆሙ፤ እንደገና ድንጋይ ተሸከሙ። ደሴ ሚያዝያ 18 ተያዘች።

ያ ጦርነት ለቤታችን አንድ ዕቃ ትቶልን ሄዷል፤ ጀሪካን። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጃቸውን በስስ ቆርቆሮ ይዘው ግማሽ መንገድ ላይ ሲያንጠባጥቡት፣ ጀርመኖች 20 ሊትር የሚይዝ፣ ሦስት እጀታ ያለው፣ የማያፈስ ብረት ነበራቸው። እንግሊዙ ማረከው፣ አስመስሎ ሠራው፣ ጀርመንን በቅጽል ስሙ «ጄሪ» ይል ስለነበር ዕቃውን ጀሪካን አለው። እኛ ጋ ፕላስቲክ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ውኃ ይቀዳበት ጀመር። ወረፋ ላይ በባለቤቱ ፈንታ የሚሰለፍ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን የአሰብ ዘመን ነው። በሶቪየት ብድር የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ ቦቴው ከአሰብ በሚሌ፣ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ሲና፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ኤንትሬ የሚባለው ፊያት መኪና፣ ሹፌሩና ረዳቱ፣ የጣርማ በር ጉም፣ የደብረ ሲና ቆሎ፤ ያ ትውልድ መንገዱን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሲከፈት ግን ቦቴው ቆላ ቆላውን ያዘ፣ ደጋው ቀረ። ማጣሪያው ራሱ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በዓመቱ የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ አሰብም ተዘጋች። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን ተጣርቶ የሚገባ ነው፤ ዋናው በሩም ጅቡቲ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነዳጅ በደጇ ከሚያልፍባት ከተማነት ነዳጅ ተጭኖ ወደሚመጣላት ከተማነት ተለወጠች። ይህን ለውጥ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከተማዋ ግን በዚሁ ጊዜ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች፤ ከብርድ ልብሱ ጀምሮ እስከ ቢራው።

ነዳጅ መንግሥት እንደሚያናውጥ ለማወቅ ወደ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ገደማ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራኑም የዚያኑ ቀን አድማ መቱ። ዋጋው በቀናት ውስጥ ተቀነሰ፤ የተነሣው ግን አልተመለሰም። በመስከረም ንጉሡ ወረዱ። የወረዱት በቤንዚን ምክንያት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር፣ ጦሩም ተነሥቶ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን የከተማውን ጩኸት አቅርቦ የሰማው በታክሲው ነው። የተካው መንግሥትም ትምህርቱን ያገኘ ይመስላል፤ ዋጋውን ከማናር ይልቅ መጠኑን ቆጠረ። ኩፖን መጣ። በኩፖን ዘመን የኖረ ሰው መኪናው ውስጥ ያለውን ሊትር እንደ ጤፍ ይሰፍር ነበር።

ወደ እኛ ጊዜ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል።

መንግሥት ለረጅም ዓመታት ነዳጅን ከገዛበት በታች ሲሸጥ ቆየ፤ ዕዳው ተከመረ። በሐምሌ 2014 «የታለመ ድጎማ» ተጀመረ። የናፍጣ ዋጋ ከ35 ብር ወደ 49 ብር ሲዘል፣ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ግን በቴሌብር እየከፈሉ በድጎማ እንዲቀዱ ሆነ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የተሳፋሪው ታሪፍ አብሮ እንዳይዘል ነው። ችግሩ አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ማግኘቱ ነው። አንድ ሊትር ለሚኒባሱ በርካሽ፣ ለጎረቤቱ የቤት መኪና በውድ ከተሸጠ፣ ሚኒባሱ ሰው ከሚጭን ናፍጣ ቢጭን የሚያዋጣው ቀን ይመጣል። የድሮው ሁለተኛ ሰልባትዮ ከፍርሃት የመጣ ነበር። ይሄኛው ከልዩነቱ መጣ። በድንበር ከተሞች ደግሞ ልዩነቱ ከጎረቤት አገር ዋጋ ጋር ስለሆነ ሰልባትዮው ይበልጥ ይሰፋል፤ ሻግ የሚባለው ድብቅ ጋን የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

ድጎማው እየተነሣ፣ ዋጋው እየተከለሰ ሄዶ በጥር 2017 ናፍጣ 99 ብር ሊሞላ ሳንቲም ቀረው። በዚያው ዓመት የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከማደያ ውጪ የሚሸጠውን፣ በጀሪካንና በበርሜል ያለ ፈቃድ የሚቀዳውን በብርቱ ይቀጣል። ሕጉ የሚያየው ማደያው ላይ የሚቀዳበትን ዕቃ ነው። ጀሪካን ከሆነ ወንጀል ነው፤ የመኪና ሰልባትዮ ከሆነ ሕጋዊ ነው። ሰውም ይህን አንብቦ ጀሪካኑን መኪናው ሥር በየደው።

ሰሜን ሸዋ ላይ ግን አንድ ሌላ ምክንያት አለ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ዙሪያ ደርሶ ነበር። በነሐሴ 2015 ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ ቦቴ አይመጣም፤ ቦቴ ካልመጣ የማደያው ማሽን በገመድ ይታጠራል። ሲመጣ ደግሞ ወረፋው ቀን ይፈጃል። ወረፋ ላይ የቆመ ሚኒባስ ያን ቀን አንድ ብር አላስገባም፤ ባለቤቱ ግን ገቢውን ይጠብቃል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ሒሳብ ይለወጣል። 41 ሊትር የሚበቃው መኪናው በየቀኑ መቅዳት ሲችል ነው። በአራት ቀን አንዴ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ የሚያስፈልገው 164 ሊትር ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው 70። የቀረውን 94 ሊትር ያ ሹፌር የት ያስቀምጠው? ቤቱ ቢያስቀምጥ ሕገ ወጥ ክምችት ነው፤ ልጆቹም እዚያው ይተኛሉ።

ስለዚህ ወደ በያጁ ይሄዳል። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ጥቁር ላሜራ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ተበይዶ ከሻንሲው ሥር ይታሰራል። ሙያ ያለው በያጅ ውስጡን በተበሳ ላሜራ ይከፋፍለዋል፤ 80 ሊትር ናፍጣ ወደ 67 ኪሎ ይመዝናል፣ ማለትም ጣርማ በር ኩርባ ላይ ከግራ ቀኝ የሚወራጭ አንድ ጎልማሳ ሰው ነው። መተንፈሻ ያበጅለታል። ከማርሚታው ያርቀዋል። በዚንክ የተለበጠ ላሜራ አይጠቀምም፤ ናፍጣው ዚንኩን እየበላ የሚያወጣው ዝቃጭ ፊልትሮውን፣ ቆይቶም ኖዝሉን ይደፍናል።

ብዙዎች የሚስቱት መላሹ ላይ ነው። የናፍጣ ፖምፓ ከሚያስፈልገው በላይ ይስብና የተረፈውን በመላሽ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመልሳል። ከሁለተኛው እየሳበ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሞልቶ በክዳኑ አስፋልት ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ከኋላ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ናፍጣ በረጠበ ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። መሳቢያውም መላሹም አብረው የሚዞሩበት ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ወይም ሁለቱን ጋኖች ከሥር በወፍራም ቱቦ አገናኝቶ እንደ አንድ ማድረግ።

ከሁሉ የከፋው አሮጌ ሰልባትዮ ወይም በርሜል ቆርጦ መበየድ ነው። ባዶው ከሙሉው ይከፋል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም የሚለው እውነት፣ ብየዳው ግድግዳው ላይ የቀረውን ቅባት ወደ ትነት ሲለውጠው ዋጋ የለውም። የድሮ በያጆች ዕቃውን በውኃ ሞልተው የሚበየደውን ቦታ ብቻ ከውኃው በላይ የሚያስቀሩት ለዚህ ነው። የሚቸኩሉት ግን ውኃ አይሞሉም፤ ሥራው በድብቅ፣ በማታ፣ ከጋራዡ ጀርባ ነዋ።

ሕጉ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ሰልባትዮ ሁሉ የኮንትሮባንድ ዕቃ ተደርጎ ስለሚታይ፣ በደንብ የተሠራውም በግዴለሽነት የተሠራውም እኩል ይደበቃል። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ፈትቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ አለ፤ ምርመራው ሲያልፍ መልሶ ያስራል። መርማሪው ብየዳውን አያየውም፣ መተንፈሻውን አይጠይቅም፣ ከማርሚታው ያለውን ርቀት አይለካም። ፍተሻ ኬላ ላይ የሚያየው ፖሊስ ደግሞ ስንት ሊትር እንደሆነ እንጂ እንዴት እንደታሰረ አይጠይቅም። የተመዘገበ፣ የተለካ፣ የተመረመረ ተጨማሪ ሰልባትዮ ለሕዝብ ማመላለሻ መፍቀድ ከባድ ነገር አይደለም፤ የከባድ መኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው ባለ ሁለት ሰልባትዮ መኪና ይሠራሉ። ናፍጣውን የሚሸጠውን ለመያዝም የተመዘገበው ከተደበቀው ይቀላል።

እስከዚያው ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ አንኮበር የሚሄደው ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፤ ፍተሻ ከሌለ 16። ከኋላ ወንበር ጤፍ ይዛ የተቀመጠች እናት አለች፣ ከጎኗ ተማሪ። ሹፌሩ አቀበቱን ሲጀምር ከሥራቸው የሆነ ነገር ጓ ይላል፣ የናፍጣ ሽታም ይመጣል። እናቲቱ በነጠላዋ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ተማሪው መስኮቱን ይከፍታል፤ ብርድ ገባብን ተብሎ መልሶ ይዘጋዋል።